ውሳኔው ሳያልቅ ጥሩን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰሞኑን ስለ ወጣቶች የአእምሮ ጤና ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ሐኪሙ ተናግሯል፤ መምህሯ ተናግራለች፤ ወላጆችም ተናግረዋል። ያሉት አብዛኛው ነገር ትክክል ነው። ወጣት ግን አልተናገረም። ወጣት ያለው ፎቶው ላይ ብቻ ነው፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ፣ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ።

ዘገባውን ለማጣጣል ብዬ አይደለም የምጽፈው። እንዲያውም እንዲህ ያለ ርዕስ ጋዜጣ ላይ ማየቴ ደስ ብሎኛል። ነገሩ ግን የእናንተ ብቻ አይደለም። ስለ ወጣቶች የአእምሮ ጤና ዕቅድ ሲወጣ፣ የምክር ክፍል ሲከፈት፣ ፎርም ሲዘጋጅ እኛ የምንጠራው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። መጥተን እንድናጨበጭብ።

እኔ 24 ዓመቴ ነው። ድባቴ የጀመረኝ 16 ዓመቴ ላይ ነው። መድኃኒት ወስጃለሁ፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋርም ለረጅም ጊዜ ተነጋግሬያለሁ፤ ዛሬ ደህና ነኝ። አሁን ለወጣቶች የምክር አገልግሎት በሚሰጥ አንድ ክሊኒክ የወጣቶች አማካሪ ቡድን አባል ነኝ። ድሮ ታካሚ ሆኜ በሩ ላይ ተራ እጠብቅ ነበር፤ አሁን በሩ በየት በኩል ይሁን ተብሎ ሲመከር እጄን አወጣለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ራስን ማጥፋት ከሞት ምክንያቶች ሦስተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ 192 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ደግሞ የአእምሮ ሕመም ካጋጠማቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን ሕመሙ የጀመራቸው 18 ዓመት ሳይሞላቸው እንደሆነ አሳይቷል። እስቲ አስቡት። ሕመሙ የሚጀምረው በእኛ ዕድሜ ነው። የሕክምናው ሰዓት፣ ወረፋው፣ መጠይቁ፣ የቀጠሮ አሰጣጡ ግን የተሠራው የራሱ ገንዘብና የራሱ ጊዜ ላለው አዋቂ ሰው ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። መጀመሪያ ወደ ሕክምና የሄድኩት ከእናቴ ጋር ነው። ነገሩን አስተውላ፣ እጄን ይዛ የወሰደችኝም እሷ ናት። የተቀበለችን ባለሙያ አንድ ገጽ መጠይቅ አወጣች። በብዙ አገር የሚሠራበት መጠይቅ ነው፤ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ እንቅልፍ እንዳጣሽ፣ ድካም እንደተሰማሽ፣ የምግብ ፍላጎትሽ እንደተዛባ፣ ሐሳብሽን መሰብሰብ እንዳቃተሽ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከ27 ነው። ዘጠነኛው ጥያቄ ብሞት ይሻለኛል የሚል ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ በእነዚሁ ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ እንደመጣብሽ የሚጠይቅ ነው። ባለሙያዋ ጮክ ብላ አነበበችው። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። በሩም ገርበብ ብሏል።

እናቴን አየኋት። «ኧረ በፍጹም» አልኩ። ዜሮ ተጻፈልኝ።

ጥያቄውን መጠየቋ ልክ ነበር። ስለ ራስን ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ አይከትም፤ ይህ በጥናት ተደጋግሞ የታየ ነገር ነው። እኔን ያስዋሸኝ የእናቴ ፊት ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ የሥነ አእምሮ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ያን አሠራር ሲያወጡ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ አጠገባቸው ብትኖር ኖሮ በአንድ ደቂቃ ትነግራቸው ነበር፦ «እናቴን ትንሽ ውጪ ጠብቂ በሏት። ካልሆነም ወረቀቱን ስጡኝና ራሴ ልሙላው።» ይኸው ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ተጨማሪ ባለሙያ አይጠይቅም። ጠይቆ የሚሰማ ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከዚያ ዓመታት አለፉና «የወጣቶች ምክክር» በሚል ስብሰባ ተጠራሁ። በደስታ ሄድኩ። በር ላይ መፈክር የታተመበት ቲሸርት ተሰጠን። የፊት ወንበሮች በስም ተይዘዋል፤ እኛ ከኋላ ተቀመጥን። ረጅም ንግግር ተደረገ፣ ስላይድ ታየ። ሊያልቅ ሲል «አሁን ደግሞ ወደ ወጣቶቻችን እንምጣ» ተባለና ማይክ ዞረ። አንዲት ልጅ ተነሳች። በትምህርት ቤቷ የምክር አገልግሎት ክፍሉና የዲሲፕሊን ክፍሉ ጎን ለጎን ስለሆኑ፣ ወደዚያ ኮሪደር የገባ ተማሪ ሁሉ «ምን አጥፍቶ ነው?» እየተባለ እንደሚወራበት ተናገረች። ስለዚህ ማንም አይገባም አለች። የዚያን ቀን ከተነገረው ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው እሱ ነበር። መድረክ መሪው «በጣም ጥሩ አስተያየት ነው፤ እናመሰግናለን» ብሎ ማይኩን ለሌላ ሰጠ። ማስታወሻ የያዘ ሰው አላየሁም። ፎቶ ተነሳን፤ ተበተንን። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ስብሰባ የነገረን ሰው የለም።

ሮጀር ሃርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 በዩኒሴፍ በኩል ባወጣው ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል አስቀምጦታል። የታችኞቹን ሦስቱን ጨርሶ ተሳትፎ ብሎ አይቆጥራቸውም፦ ልጆችን መጠቀሚያ ማድረግ፣ ለጌጥ ማቆም፣ ለይስሙላ መጥራት። ለጌጥ ማቆም የሚለውን ሲያስረዳ የሚያነሳው ምሳሌ የአንድ ዘመቻ ቲሸርት ለብሰው፣ ስለ ጉዳዩ ግን ብዙም ሳያውቁ ዝግጅት ላይ የሚታዩ ልጆችን ነው። ይህን ሳነብ ውስጤ ነደደ። ሰውየው የጻፈው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ቲሸርቱ ግን ዛሬም ይታደላል።

ይህ የምንለምነው ውለታም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ላይ አለ። ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን በነፃነት የመግለጽ መብት አለው ይላል። እዚያ ላይ አያቆምም። እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ለሐሳቡ ተገቢው ክብደት ይሰጠዋል ይላል። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። ማይኩን ሰጥቶ ክብደቱን ይረሳዋል።

አሁን ያለሁበት ቡድን የተጀመረው በአንድ ጥያቄ ነው። የክሊኒኩ ኃላፊ ሰበሰቡንና «ልጆቹ አንድ ጊዜ መጥተው ለምንድነው የሚቀሩት?» አሉን። እሳቸው የመሰላቸው ልጆቹ ስለ ሕመማቸው ማውራት ያፍራሉ ብለው ነው። እኛ መጀመሪያ ያየነው የቀጠሮ ማስታወሻ ሆኖ በስልክ የሚላከውን መልእክት ነው። የክሊኒኩን ሙሉ ስም ይዞ ይመጣል፤ «የአእምሮ ጤና» የሚለውም አብሮ አለ። ስልኩን ከወንድሙ ወይም ከእህቱ ጋር የሚጋራ ልጅ ብዙ ነው። ስልኩ የግሉ ቢሆን እንኳ፣ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ያነበዋል። እንዲህ ከሆነ በኋላ ማን ይመለሳል?

መልእክቱን እንደ አዲስ አብረን ጻፍነው። አሁን «የነገውን ቀጠሮ ለማስታወስ ነው፤ ካልተመቸ 2 ቁጥርን መላክ ይቻላል» ብቻ ይላል። የላኪው ስም ላይም አጭር ምልክት ብቻ ነው ያለው። ደግሞም መጀመሪያ ቀን «መልእክት ቢላክልሽ ይመችሻል? በየትኛው ስልክ?» ተብሎ ይጠየቃል። አይመቸኝም ያለ በወረቀት ይይዛል።

ሰዓቱ ብዙ አከራከረን። ክሊኒኩ የሚዘጋው ተማሪ ከክፍል በሚወጣበት ሰዓት ነበር። ለመምጣት ከትምህርት መቅረት ነበረበት፤ ለመቅረት ደግሞ ለመምህሩ ምክንያት መናገር። እኛ በየቀኑ እንዲያመሽ ጠየቅን። ባለሙያዎቹ ልጆች አሉን፣ ቤተሰብ አለን አሉ። እውነታቸውን ነው። ብዙ ከተባባልን በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን እንዲያመሹ፣ በእነዚያ ቀኖች ጠዋት አርፍደው እንዲገቡ ተስማማን። ክርክሩ ደስ የሚል አልነበረም፤ ግን እንደ እኩያ ተከራክረውን ስለነበር ተከፍቼ አልወጣሁም።

ለእኔ ትልቁ የሚስጥሩ ጉዳይ ነው። ድሮ አንድ ልጅ ሲመጣ ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ይሰጠውና «ፈርም» ይባል ነበር። ከእኛ ጋር የነበረ የ17 ዓመት ልጅ «ፈርም ሲሉኝ የተከሰስኩ ነው የመሰለኝ» አለ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ባለሙያዎች ዝም አሉ። ከዚያ ቁጭ ብለን ያንን ወረቀት በአፍ የሚነገር ነገር አደረግነው። አሁን ባለሙያው ገና ሳይጠይቅ እንዲህ ይላል፦ «የምትነግሪኝ ነገር እዚሁ ይቀራል። አንድ ነገር ብቻ አለ። ያንቺ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ነው ብዬ ካመንኩ ዝም ማለት አልችልም። ያኔም ቀድሜ የምነግረው ለአንቺ ነው፤ ለማን ብንናገር እንደሚሻል አብረን እንመካከራለን።» ወረቀቱ አልቀረም፤ ሕግ ነው። የሚፈረመው ግን ከዚህ በኋላ ነው፤ ለዚያውም ልጁ ያልገባውን ከጠየቀ በኋላ።

ያልተቀበሉንም አለ። ዕድሜያቸው ያልደረሱ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ መድኃኒት እንዲጀምሩ የጠየቁ የቡድኑ አባላት ነበሩ። አይቻልም ተባለ። ለምን እንደማይቻል ግን በጽሑፍ መጣልን፤ ሕጉ የሚለውና የሐኪሙ ኃላፊነት የቱ ድረስ እንደሆነ ተብራራልን። ባንስማማም ሐሳባችን ተነቦ እንደነበር አወቅን። የጠየቅነው ነገር የት እንደደረሰ በየስብሰባው መጀመሪያ ይነገረናል፦ ይሄ ተሠራ፣ ይሄ ተጀመረ፣ ይሄ አልሆነም ምክንያቱም እንዲህ ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን አሥር ደቂቃ ነው።

ይከፈለናልም። ትራንስፖርታችንና የሰዓታችን ይታሰባል። በዚህ የሚቆጡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ «በጎ ፈቃድ አይደል እንዴ?» ይላሉ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት አዋቂዎች ሁሉ የመጡት በደሞዝ ሰዓታቸው ነው። በነፃ ይሁን ከተባለ የሚመጣው ቤተሰቡ የሚደጉመው ልጅ ብቻ ነው። ከዚያ የምንሰማው የእሱን ችግር ብቻ ይሆናል።

ይህ ደግሞ ወደ ሌላ ነገር ይወስደኛል። ወጣት ጥሩ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የክፍሉ አንደኛ፣ የክበቡ ሊቀ መንበር፣ አፉ የተፈታ ልጅ ነው። እነሱም ይምጡ። ግን ትምህርት ያቋረጠው የት አለ? ወላጅ የሌላት? መስማት የተሳነው? አንድ ጊዜ ታክሞ ተናዶ የቀረው? አገልግሎቱ የት ላይ እንደሚጎድል አጥርቶ የሚያውቀው ይኸኛው ነው። ለመናገር ስብሰባ የማይመቸው ልጅም አለ። በጽሑፍ ይስጥ፣ በድምፅ ቀድቶ ይላክ፣ ከሚያምነው ሰው ጋር ይምጣ።

«ልጆቹን ከዚህ ጉዳይ ጋር ማነካካት ይጎዳቸዋል» የሚል ስጋት አለ። ይህን ስጋት አከብረዋለሁ፤ እውነትነት አለው። ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ የሕይወቱን ክፉ ሌሊት እንዲተርክ መጠየቅ ይጎዳል። አዳራሹ ያለቅሳል፣ ያጨበጭባል፣ ይበተናል፤ ልጁ ግን ብቻውን ቤቱ ይገባል። እኛ ጋ ማንም ታሪኩን እንዲናገር አይጠየቅም። የምንጠየቀው ስለ አገልግሎቱ ነው። ስብሰባ ባለበት ቀን የሥነ ልቦና ባለሙያ ተመድቦ ይጠብቃል፤ የከበደው ልጅ መሀል ላይ ወጥቶ ሊያነጋግረው ይችላል። «ዛሬ አልችልም» ብሎ መቅረትም ይቻላል፤ ለምን ብሎ የሚጨቀጭቅ የለም።

ወጣቱ የባለሙያውን ቦታ ይያዝ ማለቴም እንዳይመስላችሁ። ጓደኛው ራሱን ሊያጠፋ እንደሚያስብ የነገረው የ15 ዓመት ልጅ ያን ሸክም ብቻውን መያዝ የለበትም። ለሚያምነው አዋቂ ወዲያው መናገር አለበት፤ ይህንንም አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በትክክል ሠልጥነውና ከባለሙያ ሥር ሆነው ሲሠሩ ግን ወጣቶች ብዙ ይችላሉ። ኬንያ ውስጥ ሻሚሪ የሚባል ፕሮግራም አለ። ሁለተኛ ደረጃን በቅርቡ የጨረሱ ወጣቶችን አሠልጥኖ ተማሪዎችን በትንንሽ ቡድን እንዲያወያዩ ያደርጋል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአራት ሳምንት። እ.ኤ.አ. በ2021 በ413 ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤቱ ወጥቶ ነበር። ፕሮግራሙን የተከታተሉት ተማሪዎች የድባቴና የጭንቀት ምልክት፣ ስለ አጠናን ዘዴ ብቻ ከተማሩት ይበልጥ ቀንሶ ተገኝቷል። አስተባባሪዎቹ ከተማሪዎቹ የሚበልጡት በጥቂት ዓመት ነው።

ለእናንተም ለጋዜጠኞቹ አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለዚህ ጉዳይ ዳግም ስትሠሩ ወጣቶችን አነጋግሩ፤ ስታነጋግሩ ግን «ምን ደረሰብህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ምን ረዳህ? ምኑ አስመረረህ? አንተ ብትሆን ምን ትቀይር ነበር?» በሉት። ጥያቄዎቹን ቀደም ብላችሁ ስጡት። ከመታተሙ በፊት የራሱን ቃል አሳዩት፤ ስሙ ይቅር ካለ ይቅር። የ16 ዓመት ልጅ ዛሬ የፈቀደው ነገር 30 ዓመት ሲሞላው ሥራ ሲፈልግ ስሙ ኢንተርኔት ላይ ሲጻፍ ይወጣበታል።

የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህራንም ይህን ካነበቡ፣ ትልቅ ፕሮጀክት እስኪመጣ ባይጠብቁ ደስ ይለኛል። ስድስት ሰባት ተማሪዎችን ሰብስበው የምክር ክፍሉ በር የት በኩል እንደሆነ አብረው ሄደው ይዩት። ማን ሲገባ ማን እንደሚያይ ቆመው ይመልከቱ። ከዚያ ልጆቹ የሚሉትን ጽፈው ይያዙ፤ በወሩ መልስ ይስጧቸው።

እኛ አሁን የያዝነው ጉዳይ 18 ዓመት መሙላት ነው። በብዙ ቦታ የልጆች አገልግሎት የሚያበቃው እዚያ ላይ ነው። ከልደትሽ ማግስት ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ ሐኪም፣ ሌላ ወረፋ። ትምህርት ቤት በሚጠናቀቅበት፣ ከቤት በሚወጣበት፣ ሁሉ ነገር በሚቀያየርበት ዓመት የምታውቂው ባለሙያ ይቀየርብሻል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2006 ሄድስፔስ የሚባሉ ማዕከሎችን ስታቋቁም ዕድሜውን ከ12 እስከ 25 ያደረገችው ይህ መቆራረጥ እንዳይኖር ነው። ከአእምሮ ጤና ሌላ የአካል ጤና፣ የአልኮልና የዕፅ፣ የትምህርትና የሥራ ጉዳይም በአንድ ጣሪያ ሥር ይታያል፤ በአገር ደረጃም የሚያማክር የወጣቶች ቡድን አለው። እኛ ጋ ለጊዜው የጠየቅነው ትንሽ ነው። ልጁ 18 ከመሙላቱ ከስድስት ወር በፊት አዲሱን ሐኪም ከድሮው ጋር ሆኖ ይተዋወቅ፤ ታሪኩን ከሀ ጀምሮ እንደገና እንዳይናገር የሚተላለፈውን ማስታወሻ ራሱ አንብቦ ያርመው። ረቂቁ በሚቀጥለው ስብሰባ ለክሊኒኩ ይቀርባል።

በሌላ ቦታ ይህን የሞከራችሁ፣ ሐኪምም ሁኑ ታካሚ፣ የት ላይ እንደሠራና የት ላይ እንዳልሠራ በዚሁ ገጽ ብትጽፉልን ረቂቁን ከማቅረባችን በፊት እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ